ጅራቱ ምን አጠፋ?

የእህቴ ባል ውሻ ከወለደች ወዲህ ስልኬ እረፍት አጥቷል። ሮዚ ትባላለች፤ ሮትዋይለር ከሚባለው የውሻ ዘር ናት። ጎንደር፣ አዘዞ ባለው ግቢያቸው ውስጥ፣ ከማድቤቱ ጀርባ በቆርቆሮ በተሠራላት ቤት ሰባት ቡችላ ወለደች። እኔ በቤተሰቡ ውስጥ «ፎቶ ትችላለች» የሚል ስም አለኝ። ስለዚህ ቡችሎቹን ፎቶ እያነሱ ቴሌግራም ላይ መለጠፍና ገዢ ማነጋገር የኔ ሥራ ሆነ። ደመወዝ የለውም። ቡና ግን አለው።

በተወለዱ በማግስቱ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ለጠፍኩ። ጥቁር ናቸው፤ ከዓይናቸው በላይ ቡናማ ነጥብ አላቸው፤ እርስ በርስ ተደራርበው ተኝተዋል። መልእክት መዝነብ ጀመረ። የመጀመሪያው እንደተለመደው «ዋጋ?» ይላል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ሁለተኛው «ጅራታቸው ሲቆረጥ ላኪልኝ» ነው። ሦስተኛው ደግሞ «ጅራት አላቸው እንዴ? ክልስ ናቸዋ!» አለና የሚስቅ ፊት ጨመረበት።

ሳቁን ረስቼዋለሁ። በዚያው ሳምንት አንድ ሽማግሌ የጠየቁት ጥያቄ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። ምግብ ሳበስል ይመጣል፣ ታክሲ ስጠብቅ ይመጣል። ብጽፈው ይለቀኝ እንደሆነ ብዬ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት።

«ጅራት ያለው ኦሪጅናል አይደለም»

ብዙ ሰው ሮትዋይለር ከተፈጥሮው ጅራተ ቆራጣ ይመስለዋል። ዶበርማንም፣ ቦክሰርም እንዲሁ። ሁሉም ግን ረጅም ጅራት ይዘው ነው የሚወለዱት። በፊልምና በቲክቶክ የምናየው ጉቶ የሰው ሥራ ነው። ቡችላው በተወለደ በሦስተኛው፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ጅራቱ በመቀስ ይቆረጣል። አለዚያ በጠባብ ላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰርና ደም ሲያጣ ደርቆ ይወድቃል። አብዛኛውን ጊዜ ማደንዘዣ የሚባል ነገር የለም። በዚያው ቀን፣ በዚያው መቀስ፣ ከእግሩ ከፍ ብላ የቀረችው ትርፍ ጣትም ከነጥፍሯ ትነሳለች። ስለሷ በኋላ አወራለሁ፤ የሷ ነገር ለየት ይላል።

አስቂኙን ልንገራችሁ። ሮትዋይለር ስሙን ያገኘው ሮትቫይል ከምትባል የደቡብ ጀርመን ከተማ ነው። የሥጋ ነጋዴዎች ውሻ ነበር። ከብት ይነዳል፣ ጋሪ ይጎትታል። ጀርመን ደግሞ ጅራት መቁረጥን እ.ኤ.አ. በ1998 ከልክላለች። ዛሬ በትውልድ ሀገሩ የሚያድግ ሮትዋይለር ጅራቱን እያወዛወዘ ነው የሚኖረው። የሀገሩ የዘር መለኪያም ጅራቱን እንደተፈጠረ ነው የሚፈልገው። ጉቶ ይሁን የሚለው የአሜሪካኖቹ መለኪያ ነው። እኛ ጋ የደረሰው የነሱ ፎቶ ስለሆነ፣ ጅራት ያለውን ስናይ ክልስ ነው እንላለን። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ?

ይህን ሁሉ ለእህቴ ባል አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝ። ከጨረስኩ በኋላ፣ «እሺ፤ ግን ገዢው ጀርመን ሄዶ አያይም። ቲክቶክ ነው የሚያየው» አለኝ። መልስ አጣሁለት። ነጋዴ ነው፣ ገበያውን ያውቃል።

ከዚያ አንድ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄደ። ጎንደር የእንስሳት ሐኪም የሚያስመርቅ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ስለሆነች ሐኪም አይጠፋም። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። «ከታመመ አምጣልኝ፤ ለመልክ ብዬ አልቆርጥም» አለው። እግረ መንገዱንም ቆራጮች እስከ አምስተኛው ቀን እንደሚጣደፉ፣ ከዚያ ካለፈ ማደንዘዣና ስፌት ያለው ሙሉ ቀዶ ጥገና እንደሚሆን ነገረው። የእህቴ ባል ከዚህ ሁሉ ይዞ የተመለሰው «እስከ አምስተኛው ቀን» የምትለዋን ብቻ ነው።

«ምን ሁኖ ነው?»

በአራተኛው ቀን ቤታቸው ስደርስ እህቴ ቡና እየቆላች ነው። መደቡ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ ከዘራቸውን ግድግዳ አስደግፈው በፈረስ ጭራ ዝንብ እሽ ይላሉ። ማን እንደሆኑ እህቴ በጆሮዬ ነገረችኝ። በሰፈሩ የሕፃን እንጥል ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጎጂ ነው ብለው ካስተማሩ ወዲህ ትተውታል ይባላል።

የእህቴ ባል በስልክ ሲጠራቸው «አባባ፣ ትንሽ የሚቆረጥ ነገር አለችን፤ እጅዎ ጥሩ ነው ብለውኝ ነው» ብቻ ነው ያላቸው። ውሻ ካለ እንደማይመጡ ጠርጥሯል። ብልጥ ነው አላልኳችሁም?

አቦሉን ጠጡና ሲኒውን አስቀመጡ። «ሕፃኑ የታለ?» አሉ።

የእህቴ ባል ወጣ። በዘይት ካርቶን ውስጥ የተኙትን ቡችሎች ታቅፎ ገባ። አንዱን ብድግ አድርጎ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። በዚህ ዕድሜው ቡችላ ዓይኑም ጆሮውም ገና ዝግ ነው። እናቱን የሚያገኛት በሙቀትና በጠረን ብቻ ነው። እጄ ላይ እንደ ትኩስ ድንች ሞቀኝ። አፍንጫውን በጣቶቼ መካከል እየወሸቀ ጡት ፈለገ። ሲያጣ ጭንቅላቱን ግራ ቀኝ አወዛወዘ። ጅራቱ ከትንሿ ጣቴ ትቀጥናለች። ሰውነቱ ወደፊት ሲገፋ እሷም ወደ ታች ትጫናለች፤ ሲያርፍ እሷም ታርፋለች። ከሥሯ ወፈር ብላ ወደ ጫፏ እየሳሳች ትሄዳለች። ጸጉሯ ገና ለስላሳ ነው፤ ከሥሩ ያሉት ትንንሽ አጥንቶች ለጣቴ ተሰሙኝ።

«ይኸ ምንድን ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ቡችላ ነው አባባ። ጅራቱን እንዲቆርጡልን ብለን ነው።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጡም። ጎንበስ አሉና፣ ሳይነኩት፣ «እስቲ አዙሪው» አሉኝ። አዞርኩት። ጀርባውን አዩ፣ ሆዱን አዩ፣ ጅራቱን አዩ።

«ምን ሁኖ ነው?»

«ምንም አልሆነም።»

«ቆስሏል?»

«ኧረ አልቆሰለም፤ ደኅና ነው።»

«ታዲያ ደኅናውን ነው የምታስቆርጡኝ?»

የእህቴ ባል ማስረዳት ጀመረ። የዘር ነገር፣ የአዲስ አበባ ገዢ፣ የዋጋ ልዩነት፤ ሁሉንም ተረከላቸው። አላቋረጡትም። ሲጨርስ ወደኔ ዞር ብለው፣ «አንቺ ልጄ፣ እሱስ ደኅና ነው?» አሉኝ። እህቴ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ጀበናዋን ልትደፋው ነበር።

ከዚያ ከጋቢያቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለች ነገር ዳሰስ አደረጉ። «ደግሞ ይኸ ብረት የሕፃን አፍ የሚገባ ነው። ውሻ ላስነካው?» አሉ። ትተውታል የተባለው ሥራ ዕቃው እስካሁን አብሯቸው ነው የሚዞረው። ቶናውን ጠጡ፣ በረካውንም ጠጡ፣ ቤቱን መርቀው ሄዱ። የእህቴ ባል ለትራንስፖርት ብሎ ገንዘብ ሊያስይዛቸው ቢል እንቢ አሉ። ያልሠሩበትን አይቀበሉም።

የኔ እንጥል

እኔ እንጥል የለኝም። ጉሮሮዬን አሞኝ ሐኪም ዘንድ ስሄድ፣ አፍ ከፍተሽ «አ» በይ ይሉኝና ባትሪውን ሲያበሩ ትንሽ ቆም ይላሉ። የዚህ ሀገር ሰው የሆነው ወዲያው ይገባዋል። በኛ ዕድሜ ያለ የጎንደር ልጅ፣ በተለይ ከገጠር የመጣ፣ ስንቱ እንጥሉን እንደያዘ እንጃ።

ሽማግሌው ከሄዱ በኋላ እናቴ ጋ ደወልኩ። ለምን አስቆረጥሽኝ አላልኳትም፤ እንደዚያ ቢጠየቅ ታዝናለች። «እኔ ያኔ ምን ሁኜ ነበር?» ነው ያልኳት። ትንሽ አሰበች። «ምንም አልሆንሽም። ሳይወርድብሽ አስቀድመን ነው እንጂ። ወርዶ ጉሮሮ ከዘጋ በኋላ ምን ይደረጋል?» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ያኔ ሁሉም ያስቆርጥ ነበር» አለች።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተወሳሰበብኝ። ሽማግሌውን ባደንቃቸው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ለቡችላው የጠየቁትን ጥያቄ እኔን ለመሰለ ሕፃን ጠይቀው ያውቃሉ? ምናልባት ጠይቀዋል። «ምን ሁና ነው?» ሲሉ እናቶች «እንጥሏ እንዳይወርድ» ብለው መልሰውላቸዋል፤ ለሳቸው ያ በቂ በሽታ ነው። ያልመጣ በሽታ፣ ይመጣል ተብሎ የተፈራ። በንጹህ ልብ የተፈራ መሆኑን አልጠራጠርም። ሕፃን በጉሮሮ ሕመም ሲሞት ያየች እናት መፍራቷ አያስገርምም። በዚያ ፍርሃት ምክንያት ግን ስንት ሕፃን ደም ፈሶት፣ ስንቱ ቁስሉ አመርቅዞበት ሞቷል።

ቡችላው ያመለጠው ማንም ስላልፈራለት ነው። የእህቴ ባል ሐቀኛ ሰው ሆነና «ለገበያ ነው» አለ። ትንሽ ሌላ ነገር ቢያውቅ ኖሮ፣ «አባባ፣ ሲያድግ ጅራቱ በአጥር ይቀደዳል፣ ቁስሉ አይድንም» ይላቸው ነበር። ያን ጊዜ ሽማግሌው ምን ይሉ ነበር? ብረቱን ውሻ ላለማስነካት ሌላ ምላጭ ያስመጡ ይሆን? እሱን ሳስብ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ሰበብ ሞልቷል

ጅራት ቆራጮች ሰበብ አጥተው አያውቁም። የጥንቷ ሮም የግብርና ጸሐፊ ኮሉሜላ፣ ከዛሬ 2000 ዓመት ገደማ በፊት፣ የቡችላ ጅራት በተወለደ ከ40 ቀን በኋላ ቢቆረጥ ጥሩ ነው ብሎ ጽፏል። ያውም በጥርስ ተነክሶ። እንዲያ የተደረገ ውሻ አያብድም ብለው እረኞች ይመሰክራሉ ይላል። ይህን ሳነብ የጎንደር ሰው ነኝና ሳልወድ ሳቅሁ። እኛ ከእብድ ውሻ በሽታ ጋር አብረን ያደግን ነን። ውሻ ነክሶት የተሯሯጠ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ነው። ሉዊ ፓስተር ክትባቱን ለሰው የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ከዚያ ወዲህ ለእብደት መድኃኒቱ ጅራት መቁረጥ እንዳልሆነ ዓለም አውቋል። ቡችሎቹን ካነጋገርኳቸው ገዢዎች መካከል ስለ ጅራት ያልጠየቀ የለም ማለት እችላለሁ። «ተከትበዋል?» ያለኝ ግን አንዲት ሴት ብቻ ናት።

የእብደቱ ሰበብ ሲወድቅ ሌላ ተተካ። ጋሪ የሚጎትት ውሻ ጅራቱ እንዳይጎዳ ተባለ። ቁጥቋጦ ውስጥ የሚያድን ውሻ ጅራቱ በእሾህ እንዳይቀደድ ተባለ። ይሄኛው ባዶ ወሬ አይደለም። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2007 ጅራት መቁረጥን ሙሉ በሙሉ ከከለከለች በኋላ፣ በሥራ ላይ ያሉ አንዳንድ አዳኝ ውሾች፣ በተለይ ስፓኒየሎች፣ ጅራታቸው ብዙ ጊዜ እንደሚጎዳ ጥናት አሳየ። በ2017 ለነዚያ ዓይነቶች ብቻ በሐኪም እጅ እንዲቆረጥ ተፈቀደ። ይህን የሚቃወም ክርክር የለኝም። እውነተኛ እሾህ፣ እውነተኛ ቁስል ነው።

ግን ተራውን የቤት ውሻ እንይ። በታላቋ ብሪታንያ ከ138,000 በላይ ውሾች ተጠንተው እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ጽሑፍ ላይ፣ አንድ የጅራት ጉዳት ለማስቀረት 500 ያህል ውሾች መቆረጥ እንደሚኖርባቸው ተገምቷል። አምስት መቶ! የአዘዞ ሮትዋይለር ደግሞ ጥንቸል አያሳድድም። ሥራው በር ላይ ተኝቶ መጮህ ነው። የአውሮፓ ስፓኒየል በእሾህ ተቀደደ ተብሎ እሱ ይቆረጣል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ሌላው ሰበብ «አያማቸውም፣ ነርቫቸው ገና አልዳበረም» የሚለው ነው። የእህቴ ባል ይህንን ከአንድ ቪዲዮ አምጥቶልኛል። አውስትራሊያ ውስጥ ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ነበረው። ሮትዋይለርና ዶበርማን ያሉባቸው 50 ቡችሎች ጅራታቸው ሲቆረጥ ተመዘገቡ። ሁሉም በተቆረጡበት ቅጽበት ጮኹ። ብዙዎቹ በደቂቃዎች ውስጥ ዝም ብለው ተኙ። ደጋፊዎች መተኛታቸውን ይጠቅሳሉ፣ ተቃዋሚዎች ጩኸታቸውን። እኔ የማስበው ስለ ሰው ልጅ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ባደጉት ሀገሮች ሳይቀር አራስ ሕፃናት በቂ ማደንዘዣ ሳይሰጣቸው ቀዶ ጥገና ይደረግላቸው ነበር። ሰበቡ ያው ነው፤ አያማቸውም፣ አያስታውሱትም። በ1987 የወጡ ጥናቶች ያንን አስተሳሰብ ገለበጡት። ሐኪሞች እንኳ የገዛ ልጆቻቸውን ጩኸት በዚያ መንገድ ከተረጎሙት፣ የውሻ ቡችላ ምን ዕድል ነበረው?

ጅራት ለምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄም ይመጣል። ለዝንብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ውሻ የሚናገርበት ነው። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳሳዩት ውሻ ጌታውን ሲያይ ጅራቱ ይበልጥ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ የሚያስፈራው እንግዳ ውሻ ሲመጣ ወደ ግራ። በ2008 ደግሞ ካናዳውያን ተመራማሪዎች አንድ ሰው ሠራሽ ውሻ ሠሩ። አንዴ ረጅም ጅራት፣ አንዴ አጭር ጅራት እየገጠሙ ውሾች በሚፈቱበት ሜዳ አቆሙት። ትልልቆቹ ውሾች ረጅሙ ጅራት ሲወዛወዝ ቀረብ ይላሉ፤ ቀጥ ብሎ ሲቆም ይጠነቀቃሉ። አጭሩ ጅራት ላይ ግን ቢወዛወዝም ቢቆምም ልዩነቱ አልታያቸውም። መልእክቱ አልደረሰም ማለት ነው። ማታ ማታ ጅብና ውሻ ሲተራመስ በሚያድርበት ከተማ፣ የሰፈሩ ውሾች «ይሄ ሰላማዊ ነው፣ ይሄ ጠበኛ ነው» የሚባባሉት በምን ይመስላችኋል?

የጥፍሯ ነገር

እስካሁን ቀላሉን ነው ያወራሁት። ትርፍ ጣቷ ግን ክርክሬን አበላሽታብኛለች።

የፊት እግር ትርፍ ጣት በእርግጥ ትርፍ አይደለችም። አጥንት አላት፣ መገጣጠሚያ አላት፣ ጅማት ተያይዞባታል። ውሻ አጥንት ሲግጥ አስተውሉ፤ በሁለቱ እጆቹ አቅፎ በዚያች ጣት ነው የሚያስጠጋው። በሩጫ ሲታጠፍም እጁ ዝቅ ሲል መሬት ትነካለች። ስለዚህ እሷን ለመልክ ብሎ መቁረጥ ከጅራቱ የተለየ አይደለም።

የኋላ እግር ትርፍ ጣት ግን ሌላ ናት። ብዙ ውሻ የለችውም። ያላቸው ላይ ደግሞ አንዳንዴ አጥንት የላትም፤ በቆዳ ብቻ ተንጠልጥላ ነው የምትኖረው። የዘር መለኪያዎቹ ራሳቸው እዚህ ላይ አይስማሙም። ሮትዋይለር ላይ ከኋላ ከተገኘች ትነሳ ይላሉ። የፈረንሳዩ የበግ ጠባቂ ቦሴሮን ላይ ደግሞ ከኋላ ድርብ ሆና ካልተገኘች ውሻው ከውድድር ይወጣል። የኖርዌዩ ሉንደሁንድ በእያንዳንዱ እግሩ ቢያንስ ስድስት ጣት አለው፤ ገደል ላይ እየወጣ የባሕር ወፍ ይይዝበት ነበር። የአፍሪካ የዱር ውሻ በፊት እግሩ እንኳ ያቺ ጣት የለችውም፤ አራት ብቻ ይዞ አንቴሎፕ ያሳድዳል። አንዷ ጣት አንዱ ዘንድ ጌጥ፣ ሌላው ዘንድ ነውር ናት። ታዲያ ማንን እንስማ?

ከሰባቱ አንዷ ሴት ከኋላ እግሯ ሁለት እንዲህ ያለች ጥፍር ይዛ ተወለደች። እህቴ ለራሷ አስቀረቻት። ቡሌ አለቻት። ሐኪሙ ሲያያት «አሁን ተዋት፤ ካስቸገረቻት ያን ጊዜ እናያለን» አለ። አስቸገረቻት። ቡሌ አድጋ ግቢውን ስትዞር አንዷ ጥፍር የሽቦ አጥር ላይ ተያዘች። ግማሽ ተገንጥላ ተንጠለጠለች። ደሙ ያስደነግጣል፤ ጥፍር ብዙ ይደማል። ሐኪሙ አደንዝዞ አነሳት፣ ሌላዋንም አብሮ አነሳላት፣ ሰፋት። ጭንቅላቷን የያዝኩት እኔ ነኝ። ምን ሁና ነው የሚል ቢመጣ መልስ ነበረን። ያ መቀስ አላሳቀቀኝም።

አንዳንድ ሰው «ይኸው! በሦስተኛው ቀን ብትቆረጥ ይሄ ሁሉ ይመጣ ነበር?» ይለኛል። ለኋላ እግር፣ በቆዳ ብቻ ለተንጠለጠለችው፣ ምናልባት ልክ ነው። ስለሷ አልከራከርም። ስለ ፊት እግሯ ጣት ግን መልሱ ጥፍር መቁረጫ ነው። የሌሎቹ ጣቶች ጥፍር በኮብልስቶኑ ይሞረዳል። ይህቺኛዋ ውሻው ሲራመድ መሬት ስለማትነካ ታድጋለች፣ ትጠቀለላለች፣ መጨረሻ ሥጋው ውስጥ ትገባለች። ጎረቤታችን አንድ ያረጀ ውሻ አላቸው። ከጊዜ ወዲህ ያነክሳል። «አረጀ፣ ምን ይደረግ» ሲሉ ሰነበቱ። እጁን አንስቼ ጸጉሩን ስገልጥ ጥፍሯ ክብ ሠርታ ጫፏ ሥጋው ውስጥ ተቀርቅሯል። ዙሪያው ያበጠና እርጥብ ነው። ሐኪሙ ቆርጦ አወጣትና አጠበለት። በሳምንቱ ውሻው በር ላይ ፖስተኛውን ሲያባርር አየሁት። ፖስተኛው አላመሰገነኝም።

አምስተኛው ቀን ካለፈ በኋላ

የእህቴ ባል ላስቲክ ገዝቶ ነበር። ቪዲዮም አይቷል። እህቴ ናት ያስቆመችው፤ «እዚህ ቤት ውስጥ አይሆንም፤ ሮዚ ብትነክስህ ሆስፒታል አላመላልስህም» አለችው። ስለ ውሻው ይሁን ስለ ሆስፒታሉ አላውቅም፣ ብቻ ቀኑ አለፈ።

ቡችሎቹ ተሸጡ። ሁለቱን መጋዘን የሚያስጠብቅ ሰው ጅራታቸውን ሳያይ ወሰዳቸው። አንዱ ገዢ ጅራቱን ምክንያት አድርጎ ዋጋ አስቀነሰ፤ ስንከራከር ቆይቶ ጅራቱን በገዛ እጁ ይዞ «ይሄ ምን ይሠራልኛል?» አለኝ። «ደስ ሲለው ይነግርሃል» አልኩት። ሳቀና ወሰደው፤ ዋጋውን ግን አልመለሰልንም። አንዷ አዲስ አበባ ሄዳለች። እዚያ ምን እንደደረሰባት አልጠየቅሁም። ስትሄድ ጅራቷ አብሯት ነበር።

የእህቴ ባል ተሸነፍኩ የሚል ሰው አይደለም። ባለፈው ሳምንት ጠራኝና ለሮዚ ቀጣይ ወሊድ የሚሆን ማስታወቂያ ራሱ ጽፎ አሳየኝ። «በጀርመን ደረጃ የተወለዱ፣ ጅራታቸው ያልተነካ፣ ንጹህ ኦሪጅናል ሮትዋይለር» ይላል። ዋጋው ካለፈው ጨምሯል። ከላይ የጀርመን ባንዲራ አድርጊበት አለኝ። አደርጋለሁ፤ ይህን ያስተማርኩት እኔ ስለሆንኩ ግን ኮሚሽን ጠይቄዋለሁ። ቡና ብቻ አይበቃም ብዬዋለሁ። እያሰበበት ነው።